ቲነርና የመስቀል ቅቤ

የሰው መኪና በገመድ ለክቼ አውቃለሁ። ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ ቦታው ወልቂጤ፤ መኪናዋ ደግሞ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ ለመስቀል የመጣባት ትንሽ የጣሊያን መኪና ነች። ከወገቧ በታች ቀይ፣ ከወገቧ በላይ የወተት ቀለም ነበረች። አጎቴ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል በጀርባዬ ከሥሯ ገባሁ። ከጎማ እስከ ጎማ ስለካ ግን እግሬን በጫማው ነካ አደረገኝ።

«ልትሰርቃት ነው ወይስ ልትገዛት?»

«ልሠራት ነው፣ ጋሼ።»

«አልተበላሸችም እኮ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ልሠራ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ የተጋጨ መኪና እያቃና ቀለም የሚረጭበት ጋራዥ ነበረው። እኔ የሃያ አራት ዓመት ሰው ሆኜ በጅማ መንገድ ዳር ጎማ እለጥፋለሁ። ጎማ መለጠፍ ሥራ አይደለም አልልም፤ በልቼበታለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ የምታየው ጥቁር ነገር ነው፤ ሠርተህ ስትጨርሰውም ያው ጥቁር ነው። አጎቴ የረጫቸው አውቶቡሶች በበራችን ሲያልፉ ግን መዶሻዬን አስቀምጬ ከዓይኔ እስኪጠፉ እከተላቸው ነበር። በመስቀል ዋዜማ ታዲያ አፌን ሞልቼ «ውሰደኝ» አልኩት።

«ጎማ የሚለጥፍ ሞልቶኛል» አለኝ። «የቸገረኝ የሚረጭ ነው። ለሚመጣው መስቀል የረጨኸውን ነገር አሳየኝ፤ እጅህን አይቼ እወስናለሁ። ብቻ አደራህን፣ የሰው መኪና ላይ እንዳትማር።»

እኔ መኪና የለኝም። ለእኔ መማሪያ መኪናውን የሚሰጥ እብድም ወልቂጤ ውስጥ አልነበረም፤ ጠይቄ ነው የምለው። ስለዚህ የራሱን የአጎቴን መኪና በአንድ አሥረኛ ልክ ከእንጨት ሠርቼ ልረጫት ወሰንኩ። ሙሉ ዓመት ነበረኝ።

አንድ የዋንዛ ቁራጭ አመጣሁና እየለካሁ መጥረብ ጀመርኩ። ጣሪያዋን ስጠርብ ኮፈኗ በዛ፤ ኮፈኗን ስቀንስ መኪናዋ ጀልባ መሰለች፤ ወረወርኳትና እንደገና ጀመርኩ። የእንጨቱን ስንጥቅ ጋራዥ ውስጥ ስቱኮ በሚሉት ሊጥ ደፈንኩ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፤ እንደገና ደፈንኩ፤ እንደገና ፈገፈግኩ። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሁሉ «ለማን ልጅ ነው?» ይለኛል። «ለአጎቴ» እላለሁ። «ዕድሜው ስንት ነው?» ሲሉኝ «ሃምሳ ሊሞላው ነው» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጥያቄ አቆመ።

መጠረቡስ ይሁን፤ የቸገረኝ መርጫ ነው። አጎቴ ጋር በሞተር አየር የሚገፋ የቀለም መርጫ አለ። እኔ ጋር ያለው እናቴ ለቢንቢ የምትጠቀምበት የእጅ ፍሊት ነው። ፍሊቱን ወሰድኩ። እናቴ ስትፈልገው አብሬያት ፈለግኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «የት ገባ ይሄ ነገር?» እያልኩ አልጋ ሥር ሁሉ አጎንብሼ ነበር። ያን ክረምት ቢንቢ ሲበላት ከረመ፤ እኔንም አልማረኝም።

ፍሊት ግን አንዴ ስትገፋው አንዴ ይተፋል፤ ቀለሙ ነጠብጣብ እየሆነ ፈንጣጣ ያስመስላል። መላው የመጣልኝ ከሥራዬ ነው። አንድ የትልቅ ጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ ጎማ ውስጥ የሚገባውን የአየር ከረጢት፣ በብስክሌት ፓምፕ ድምቡሽ እስኪል ነፋሁ፤ ከአፉ ቀጭን የጎማ ቱቦ ቀጠልኩ፤ ቱቦውን ፍሊቱ አንገት ላይ በሽቦ አሰርኩት። ከመነዳሪው ላይ ስቀመጥበት አየሩ ሳይቆራረጥ እኩል ይወጣል። እንግዲህ ቀለም ረጪ ሆንኩ፤ በመቀመጫዬ ነው የምረጨው።

ቀለሙን አንድ ሾፌር ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። ኒትሮ ይሉታል፤ በቲነር የሚቀጥን፣ እፍ እስክትልበት የሚደርቅ የመኪና ቀለም ነው። ቲነሩ በአረቄ ጠርሙስ መጣ። እናቴ እንዳትሳሳት ብዬ ቀይ ክር አሰርኩበት፤ እንዲህ ያለ አሳቢ ልጅ ነበርኩ። ኒትሮ እንደ ወተት ሲቀጥን ይረጫል፤ እንደ እርጎ ሲወፍር ይተፋል፤ ከወተት ከቀጠነ ደግሞ ወደ ታች እየወረደ ያለቅሳል። እውነቱን ልናገር፣ ሽታውን ወደድኩት። ጠርሙሱን ከፍቼ ዝም ብዬ የማሸትበት ጊዜ ነበር።

ደጅ ብረጫት የጅማ መንገድ አቧራ ተለጠፈባት። ማድቤት ብረጫት ጥላሸት ወረደባት። ፍቄ እንደገና ስረጫት ነሐሴ ሆኗል፤ ዝናቡ አያባራም። ቀዩ ቀለም ዓይኔ እያየ አመድ ለበሰ። እዚያው ተቀምጬ ስድቤን ሁሉ ጨረስኩ። መንገድ ላይ ያገኘሁት አንድ ቀለም ቀቢ «እርጥበት ነው» አለኝ። «ኒትሮ እርጥበት ሲነካው ይነጣል። ደረቅ ቤት ፈልግ፤ አቧራ የማይገባበት፣ በሩ ጥርቅም የሚል።»

እንዲህ ያለ ቤት በአገሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቴ ጓዳ።

ጓዳውን የዘጋችው ስለ ቅቤው ነው። እናቴና ሰባት ጎረቤቶቿ የቅቤ ዕቁብ ነበራቸው፤ በየሳምንቱ ሁሉም ቅቤ ያዋጣሉ፣ አንዷ ትወስዳለች። እናቴ ተራዋን ለመስቀል አድርሳ የስምንት ሴት ቅቤ በሁለት እንስራ ሞልታ በእንሰት ቅጠል ሸፍናለች። አጎቴ ወደ ቸሃ ወደ አባቱ ቤት ከመውጣቱ በፊት የመስቀልን የመጀመሪያ ክትፎ የሚበላው ከታላቅ እህቱ እጅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የምታስበው ይህንን ነው። የማድቤት ጭስ እንዳይገባ የጓዳውን ግድግዳ በጋዜጣ ለጥፋለች፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፋለች። ቅቤ የሚሸት ነገር ሁሉ ይጠጣል። ጉራጌ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው አላወቅሁም ብዬ እንዳላመካኝ ነው።

መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቸሃ ዘመድ ሞተና እናቴ ሁለት ሌሊት ለልቅሶ ሄደች። እግሯ ከመውጣቱ ከመነዳሪዬን እያንከባለልኩ ጓዳ ገባሁ። በእንስራዎቹ ላይ ተጨማሪ የእንሰት ቅጠል ደረብኩ። «ጭስ አይደለ፤ ቲነር ነው፤ ይተናል» አልኩ ለራሴ። ሽታ እንዳይገባበት የተዘጋ ቤት ሽታ እንደማያስወጣ አልመጣልኝም። አሁን ሳስበው መጥቶልኝ ነበር።

መጀመሪያ የወተቱን ቀለም ረጨሁ። ሲደርቅ የጋዜጣ ቁራጭ በቡላ ለጥፌ ከወገቧ በላይ ሸፈንኳት፤ ቡላ ሲበስል እንደ ሙጫ ይይዛል፤ በኋላ በውሃ ይለቃል፤ ቀለሙን አይነካም። ከዚያ ቀዩን ሦስት ጊዜ በስሱ ደራረብኩ። ራሴን ዞረኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ብቻዬን እስቃለሁ። በማግስቱ ጋዜጣውን በእርጥብ ጨርቅ ስልጠው መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። በሯ ላይ የራሴን ጥርስ አየሁ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ስዳርም እንዲያ አልሆንኩም፤ ባለቤቴ ይህን አታንብበው።

እናቴ ስትመለስ «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለች።

«ላምባ ፈሶብኝ ነው» አልኩ።

«ጓዳ ውስጥ ላምባ ምን ይሠራል?»

«ፍሊቱን ስፈልግ ነው።» ጥያቄው በዚህ አለቀ።

ቅቤው የተከፈተው ከእርዱ በፊት ባለው የጎመን ቀን ነው። የዕቁቡ ሴቶች ጎመን ሊከትፉላት፣ አይብ ሊያወጡላት መጥተዋል። እናቴ የመጀመሪያውን ቅቤ ድስት ውስጥ ጣለችው። ሲቀልጥ ሽታው ተነሳ። ኧረ ጉድ! ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ አለ። አንዷ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

ከዚያ ሁሉም በየልባቸው መቁጠር ጀመሩ፤ የማን ቅቤ ነው? ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ ከቡታጅራ ተድራ የመጣች ሙስሊም ጎረቤታችን ላይ አረፈ። ዕቁቡ ውስጥ አዲስ እሷ ናት፤ ተራዋን ለአረፋ ወስዳለች፤ መጨረሻ ያዋጣችውም እሷ ነች።

«ወላሂ፣ ልጆቼን ያበላሁበት ቅቤ ነው!» አለች።

«ማን ምን አለሽ?» አሏት። ምንም ያላት የለም፤ የባሰው እሱ ነው። ሴትዮዋ ሁለት እጇን አንስታ መዳፏን አሸተተች፤ አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን። አንጀቴን በላችው። ዝም ልል ነበር እኮ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝም ልል ቆርጬ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ ከበሩ። ማስረዳት ሲያቅተኝ ሄጄ መኪናዋን አምጥቼ መሀላቸው አስቀመጥኳት። ሴቶቹ ከበው አዩዋት። አንዷ «ታምራለች ግን» አለች፤ ይህም ነገሩን አላቀለለውም።

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለኝ። «የስምንት ሴት ቅቤ!» ብላ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። «ነገ ወንድሜን ምን ላበላው ነው?» የቡታጅራዋ ጎረቤታችን ውልቅ ብላ ሄደች፤ ተቀይማ ነው ስንል ከራሷ ቤት ትንሽ ማሰሮ ቅቤ ይዛ ተመለሰች። «ለእንግዳሽ ይበቃል» አለቻት። እናቴ ትከሻዋን ሳመቻት፤ ሌሎቹ ጎመናቸውን አዩ።

ቅቤ አይጣልም፤ በመስቀል ደግሞ ጭራሽ። እናቴ የእኛን ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ ሁለት ጊዜ አነጠረችው። ቅመም ቅመም የሚል ቲነር ሆነ። በማግስቱ ታዲያ ሁለት ጣባ ክትፎ ቀረበ፤ ሁለቱ የሸክላ ሳህኖች አንድ ዓይነት ስለሆኑ የእንግዳው ሥር ቅጠል አደረገችበት። እንግዳው ከጥሩው፣ እኛ ከጥፋቴ እንድንበላ ተስማማን።

አጎቴ መጣ፤ ተመረቀ፤ ተቀመጠ፤ ከጣባው ሁለት ጊዜ ጎረሰ። «እሰይ፣ እቴ!» አለ። ከዚያ እኔን ሊያጎርሰኝ አጎነበሰና በዚያው እጁን ወደ እኛ ጣባ ሰደደ። እናቴ «ተው!» ብላ ሳትጨርስ ጎረሰ። ሁላችንም ማኘክ አቆምን። አጎቴ ግን አላቆመም። አንዴ ደገመ፤ ሠለሰ።

«ይሄኛው ይበልጣል» አለ። «ለእኔ ደህና ደህናውን መደበቅ ጀመርሽ እንዴ?»

አብረውን ከተቀመጡት ጎረቤቶች አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እኔም በሆዴ «ተረፍኩ!» አልኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ተነስታ የቲነሩን ጠርሙስ አመጣች፤ ክሩን ፈታች፤ ከአፍንጫው ሥር ያዘችለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አረቄ ነዋ» አለ ጠርሙሱን አይቶ።

«ወንድሜ፣ አይሸትህም?» አለችው።

አጎቴ እጁን በዝግታ ጠረገ። «ሽታ ከተወኝ ቆየ እኮ» አለ። «ቀለሙ ነው፤ ሃያ ዓመት ማለት ቀላል አይደለም። ጣዕሙም አብሮ ሄደ። የአንቺ ክትፎ በልጅነቴ ምን ምን ይል እንደነበር ግን አልረሳሁም። ስበላ እሱን እያሰብኩ ነው የምበላው።»

«ታዲያ በየዓመቱ ይጣፍጣል የምትለኝ?»

«አንቺ ዓይን ዓይኔን እያየሽኝ ምን ልበል?»

እናቴ አለቀሰች፤ ለቅቤው ያላወረደችውን እንባ ለእሱ አወረደችው። እኔስ? ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እኔ የማስበው መኪናዋን መቼ ያይልኛል ብዬ ነበር።

አየልኝ። ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥቶ አገላበጣት፤ በጥፍሩ የቀዩንና የወተቱን ድንበር ተከተለ። የኋላ በሯ ሥር ትንሽ እንዳለቀሰች አገኘ፤ እኔ አላየሁትም ነበር። «በምን ረጨሃት?» አለ። ስነግረው የከመነዳሪው ጊዜ ሳቀ፤ የጓዳው ጊዜ አልሳቀም። «እጅ አለህ» አለኝ። «ከመስቀል በኋላ ና።»

«አይሄድም» አለች እናቴ ከበሩ።

«እማ!»

«ጎማህን ለጥፍ። ጎማ አፍንጫ አይበላም።»

ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። እኔ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ግማሹ ለእናት የሚነገር አልነበረም። በመጨረሻ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ ሰጠችኝ። «ይሄን አፍንጫህ ላይ አስረህ ትረጫለህ። በየመስቀሉ አፍንጫህን ይዘህልኝ ትመጣለህ» አለች። «እምልልሻለሁ» አልኩ። ማልኩም።

አዲስ አበባ ገብቼ አንድ ወር አሰርኩት። ከዚያ ሙቀቱ፣ ቀለም ሲጠጣ መድረቁ፣ የባልደረቦቼ «ሙሽሪት» ማለት አሰለቸኝና ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። አውቶቡስ ረጨሁ፤ ታክሲ ረጨሁ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ጥሩም ነበርኩ። በመጀመሪያው መስቀል እናቴ ገና ደጃፍ ላይ ቅቤ አሸተተችኝ፤ «ቅቤ» አልኩ፤ እውነትም ሸተተኝ። በሁለተኛው «ቅቤ» አልኩ፤ ትንሽ ቆይቼ።

በሦስተኛው ስደርስ እናቴ ማድቤት ቅቤ ታነጥር ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በማማሰያው ጫፍ ቀዳ አድርጋ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው።

«ምን ይላል?»

ሽታው እስኪመጣ ጠበቅሁ። የመጣው ሙቀት ብቻ ነው። እሷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ኮሰረቱ ትንሽ በዝቷል» አልኳት እንደ አዋቂ።

«ገና አልጨመርኩም» አለች።

ማማሰያውን ወደ ድስቱ መለሰችው። እንባዋ ሲወርድ ጭስ ነው አላለችም። ከሰዓት በኋላ ለአጎቴና ለእኔ ክትፎውን በአንድ ጣባ አቀረበችልን። «ይጣፍጣል» አለ አጎቴ። «በጣም» አልኩ እኔ። አላመነችንም። ጨመረችልን።